የቴዎድሮስን የሠረገላ መንገድ ማረሻና ጎርፍ ሳይጨርሱት

በዋድላና በደላንታ ደጋ ጠርዝ ላይ የሚኖር አርሶ አደር ስለ ቁልቁለት የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም። ምስር የጫነች አህያ ገደሉን በቀጥታ በሚቆርጠው አቋራጭ ስትወርድ ጭነቱ ወደ አንገቷ ይንሸራተታል፤ ስትመለስ ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትታታል። አንድ ጊዜ እግሯ ከከዳት አህያዋም እህሉም ከገደል ይቀራሉ። ስለዚህ ባዶ እጁን የሚሄድ ጎልማሳ አቋራጩን ቢመርጥም፣ ጭነት ያለው ሰው ተራራውን እየዞረ ይወርዳል።

የዐፄ ቴዎድሮስም ችግር ይኸው ነበር። ልዩነቱ የእርሳቸው ጭነት 7 ቶን ገደማ መመዘኑ ነው።

በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት ቀልጦ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ መቅደላ እንዲሄድ ሲወሰን የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ሠራዊቱ በ1860 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሳና መንገዱን እየሠራ፣ በሠራው መንገድ ላይ ሠረገላዎቹን እየጎተተ ተጓዘ። ጋይንትን አልፎ በጨጨሆ፣ በዘቢጥና በዋድላ አድርጎ ቤተ ሆር ደረሰ። ከዚያ የጅጣን ሸለቆ ወርዶ ወደ ደላንታ ወጣ፤ ደላንታን አቋርጦ በሽሎን ከተሻገረ በኋላ በመጋቢት ወር መቅደላ ሥር ደረሰ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ ይጎትቱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ አብረው ይሠሩ እንደነበር በዘመኑ ያዩዋቸው የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ዛሬ ባለ ጥሩ መኪና ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰው ርቀት ያኔ ግማሽ ዓመት ገደማ ወሰደ።

ታሪኩ መራራ ምፀትም አለበት። በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ ዋድላ ሲደርስ፣ ጅጣንና በሽሎን የተሻገረው ቴዎድሮስ ባሠሩት በዚያው መንገድ ነው። ከጦሩ ጋር የነበረው የጂኦግራፊ ባለሙያ ክሌመንትስ ማርካም የመንገዱን አሠራር አድንቆ ጽፏል።

ይህ ሁሉ በየዓመቱ ሚያዝያ 6 ቀን ይወሳል። የሚወሳው ግን ስለ መድፉ፣ ስለ ሽጉጡና ስለ መጨረሻዋ ሰዓት ነው። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ቆሟል። መንገዱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ በግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዕቅድ ውስጥ ስሙ ቢነሳ ደግሞ ብዙዎች ግር ይላቸዋል። የባህልና ቱሪዝም ጉዳይ ነው ተብሎ ወደዚያው ይመራል። መንገዱ ግን የሚያልፈው በማሳ፣ በወል መሬትና በተፋሰስ ላይ ነው። የሚያጠፋውም ማረሻና ጎርፍ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ግብርናው ነው።

ነገሩን ከተዳፋቱ እንጀምር። 7 ቶን የተሸከመ ሠረገላ ቀጥ ያለ ቁልቁለት አይወርድም፤ ከወረደም አይቆምም። የጅጣም የበሽሎም ሸለቆ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። መንገድ ሠሪዎቹ ያን ቁመት ለመብላት የነበራቸው ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ መንገዱን ማርዘም። ዐለቱን እየፈለጡ፣ ጎድጓዳውን እየሞሉ፣ በየጥቂት ርቀቱ ወዲያና ወዲህ እያጠፉ መንገዱን በለዘብተኛ ተዳፋት አወረዱት። የዛሬ የተፋሰስ ባለሙያ የእርከን መስመር ለማውጣት በውሃ ልክ የሚለካውን ነገር እነርሱ በሠረገላ ጎማ ለክተውታል።

ለሠረገላ የላላ ተዳፋት ለጭነት አህያም የላላ ነው። ለነፍሰ ጡር እናት፣ ቃሬዛ ለተሸከሙ አራት ሰዎች፣ ለሽማግሌ፣ ለበቅሎም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለውሃ ይመቻል፤ ለብ ባለ ተዳፋት ላይ የሚሄድ ውሃ አፈር የመቁረጥ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ይህን ከአቋራጩ ጋር ማነጻጸር ነው። ሰውና ከብት ቀጥ ብሎ የሚወርድበት ቀጭን መንገድ በመጀመሪያው ክረምት ቦይ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቦረቦር ይሆናል፤ በአምስተኛው የአንዱን አርሶ አደር ማሳ ለሁለት ይከፍለዋል። ገበያተኛው ቦረቦሩ ሲያስቸግረው ጎን ለጎን ሌላ አቋራጭ ይከፍታል፤ እሱም በተራው ቦረቦር ይሆናል። በአንድ አፋፍ ላይ ሦስትና አራት እንዲህ ዓይነት ጠባሳ ያላየ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ካለ ደጋውን ገና አልዞረም ማለት ነው። ከዚያ የተቆረጠው አፈር ወደ ጅጣ፣ ከጅጣ ወደ በሽሎ፣ ከበሽሎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ዓባይ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ አገር ሙሉ ያዋጣበት ግድብ ነው።

በሌላ በኩል የገጠር መሬት ሕጋችን ለረጅም ዓመታት ያለው ነገር አለ። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት ይውላል። ይህ ድንጋጌ በወረቀት ላይ ሲነበብ ግልጽ ነው፤ አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን ይለዝባል፤ መሬት የጠበበበት ወጣት ባለትዳር የት ይሂድ? ሕጉን የሚያስከብረው አካል አርሶ አደሩን «እዚህ አትረስ» ሲል፣ በዚያ መሬት ላይ ሌላ የሚገኝ ጥቅም አብሮ ማሳየት አለበት። የሠረገላው መንገድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ ይህ ነው። ዱካው ሳይጠፋ በቆየባቸው ተዳፋቶች ላይ መንገዱ ተጠርጎና ተጠግኖ ይከፈት፤ ግራና ቀኙ ያለው የማይታረስ አፋፍ በአገር በቀል ዛፍ ይሸፈን፤ መንገዱም ደኑም በአንድ መተዳደሪያ ደንብ በቀበሌው ማኅበረሰብ ይያዝ። ሌላው ዓለም ሁለገብ የደን መንገድ የሚለው ይህን ነው። እግረኛው ይሄድበታል፤ ባለ በቅሎው ይጋልብበታል፤ ገበያተኛው ይጭንበታል፤ ንብ አናቢው ቀፎውን ያቆምበታል፤ ሣር ያጣው ያጭድበታል። እንግዳ ከመጣም እርሱም ያልፍበታል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው። በክልላችን ታሪካዊ ቦታ በተነሳ ቁጥር ውይይቱ ወዲያው ወደ ቱሪስት ይሮጣል። ሎጅ ይሠራል፣ ዶላር ይመጣል፣ ወጣቱ አስጎብኚ ይሆናል ይባላል። ከዚያ የጸጥታ ችግር ይመጣል፤ እንግዳው ይቀራል፤ ሥራውም አብሮ ይቀራል። ያለፉት ዓመታት ይህን በደንብ አሳይተውናል። አህያዋ ግን በሰላሙም በችግሩም ጊዜ ገበያ ወጥታለች። መንገዱ መጀመሪያ ለእርሷ ከተሠራ ቱሪስት ቢመጣ ትርፍ፣ ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም።

ቱሪስቱንም ቢሆን አርሶ አደሩ ማስተናገድ እንደሚችል ጎረቤት ወረዳ አሳይቷል። በመቄት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተስፋ በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ አርሶ አደሮች በአፋፉ ጠርዝ ላይ ጎጆ ሠርተው እንግዳ ተቀብለዋል። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፤ ዕቃውን አህያ ይሸከማል፤ ገቢው ለማኅበረሰቡ ይደርሳል። ትልቅ ሆቴል፣ ትልቅ መንገድ አልተፈለገም። የጠየቀው ደህና የእግር መንገድና ንጹሕ ጎጆ ነው። የዋድላና የደላንታ አፋፍ ከመቄት በውበት አያንስም፤ የሚለየው የቴዎድሮስ መንገድ ስላለበት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ብልጫ ነው።

የሠረገላ መንገድን ወደ ደን መንገድ መለወጥ በሌላ አገር የታየ ነገር ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ሳንቲያም የሚባል የሠረገላ መንገድ አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ ማለትም ሴባስቶፖል ይጎተት በነበረበት አሥር ዓመት ውስጥ ነው። የካስኬድ ተራሮችን አቋርጦ የዊላሜት ሸለቆን ከምሥራቁ የግጦሽ ምድር ጋር ያገናኝ ነበር፤ የከብት አርቢዎች መንገድ ነበር ማለት ይቻላል። ለሃምሳ ዓመት ያህል ኬላ ላይ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሲደርሱ ጠባቂው ለመኪና የተተመነ ዋጋ ስላልነበረው የአሳማ ዋጋ አስከፈላቸው እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። በኋላ ዘመናዊው አውራ ጎዳና ተሠራና የሠረገላው መንገድ ጫካ ውስጥ ቀረ። አሁን በመንግሥት ደን ውስጥ ያለው ክፍሉ ተጠብቆ ለእግረኛ፣ ለፈረሰኛና ለብስክሌተኛ ክፍት ነው።

ከሳንቲያም ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላው ገጽ ነው። መንገዱን የሠራው ኩባንያ ለድካሙ ዋጋ ከመንግሥት ከ800 ሺህ ኤከር በላይ መሬት ተሰጥቶት ነበር። መንገዱ መሬት ማግኛ ሆነ ተብሎ ለዓመታት ተከራክረውበታል። የወረዳ አመራሮች ይህን ያስተውሉ። ነገ አንድ ባለሀብት መጥቶ «መንገዱን አለማለሁ፣ ግራና ቀኙን ስጡኝ» ቢል መልሱ አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት። የደን ልማት ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ራሱን የቻለ የባለቤትነት ዓይነት አድርጎ አውቆታል። ቀበሌዎቹ አፋፉን በዚህ ስም ይያዙት፤ የይዞታ ማረጋገጫውም በማኅበረሰቡ ስም ይውጣ። ያኔ ባለሀብቱ ጎጆ ሊሠራ፣ ማር ሊገዛ፣ በቅሎ ሊከራይ ይችላል፤ መሬቱ ግን አይንቀሳቀስም።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገርም መነሳት አለበት። ያ መንገድ በፍቅር ብቻ የተሠራ አይደለም። በ1859 እና በ1860 ዓ.ም የበጌምድር ገበሬ መንደሩ ተቃጥሎበታል፤ ጎተራው ተራቁቷል። ሠራዊቱ ያለፈበት አገር ሠራዊቱን መግቧል። መንገዱን እንደ ቅርስ ስንጠብቅ ይህንንም መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ሐውልት ላይ ለመጻፍ ሳይሆን ዛሬ ተመሳሳይ ስሕተት ላለመሥራት። ዱካው አሁን የአንድ አርሶ አደር ማሳ ውስጥ ካለ ማሳው የእርሱ ነው። «ታሪክ ነው፣ ልቀቅ» አይባልም። ማሳው መለቀቅ ካለበት ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለ፤ በዚያ መሠረት ይፈጸም። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ቀላል መንገድ አለ፤ በደጋው ሜዳ ላይ ዱካውን ማስለቀቅ ብዙም አስፈላጊ አይደለም። ሜዳ ላይ መንገዱ ከታረሰ ድንበር ለድንበር ዞሮ ማለፍ ይቻላል። ሊተካ የማይችለው የተዳፋቱ ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛው ሊታረስ የማይገባው መሬት ነው። ውዝግቡ ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ይሆናል።

ወደ ሥራው እንምጣ። የመንገድ ገዳይ ውሃ ነው። ባለ ጎማም ይሁን ባለ ኮቴ፣ የሚሄድበት ሁሉ መሐሉን እያጎደጎደ ይሄዳል፤ ክረምት ሲመጣ ውሃው ያንን ጎድጓዳ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ከዛፍ ተከላም፣ ከጠረጋም በፊት የሚቀድመው ከመንገዱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ማውጣት ነው። መንገዱ ራሱ ወደ ገደሉ በኩል ትንሽ ዘንበል ማለት አለበት፤ ውሃው ተሻግሮ እንዲፈስ እንጂ መንገዱን ይዞ እንዳይወርድ። በየተወሰነ ርቀት ጠፍጣፋ ድንጋይ በአግድም ተቀብሮ ውሃውን ወደ ጎን ይጥለው። ቦረቦር መንገዱን በቆረጠበት ቦታ የድንጋይ ክትር ይሠራ፤ ከታች የድንጋይ ካብ ይደገፍ። ይህ ሁሉ ለአማራ ክልል አርሶ አደር አዲስ አይደለም። በየዓመቱ በበጋ ወራት በተፋሰስ ልማት ዘመቻ በነጻ ጉልበቱ የሚሠራው ሥራ ነው። ለመንገዱ ተጨማሪ በጀት ከመጠየቅ በፊት ከዚያ ዘመቻ ጥቂት ቀናትን ወደ አንድ አፋፍ ማዞር ይቻላል። አርሶ አደሩም የሠራውን ካብ በዚያው ሳምንት ወደ ገበያ ሲሄድበት ያየዋል። ለብዙ እርከን ሥራዎች ይህ ዕድል የለም፤ ጥቅሙ ከዓመታት በኋላ ይመጣል ተብሎ ይታመናል እንጂ።

ስፋቱስ? ሁለት የተጫኑ አህዮች ተላልፈው የሚያልፉበት ከሆነ በቂ ነው። ከዚያ ከሰፋ ሞተር ሳይክል ይገባል፤ ቀጥሎ ባጃጅ ይመጣል፤ ከዚያ አንድ ሰው ተነስቶ «ግሬደር እናስገባ» ይላል። ግሬደር በአንድ ቀን የቴዎድሮስን ካብ ገደል ይጨምረዋል። የመኪና መንገድ የሚያስፈልጋቸው ቀበሌዎች አሉ፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው። የእነርሱ መንገድ በሌላ መስመር ይጠናላቸው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን መታጠፊያው ነው። መንገድ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ሰው ይቸኩላል፤ ከላይኛው መስመር ወደ ታችኛው ዘሎ ይቆርጣል። ፍየሉ ይከተለዋል፤ ከዚያ ጎርፉ ይከተላል። ይህን በቅጣት ማስቆም አይቻልም። በመታጠፊያዎቹ መሐል ባለው ቦታ ቀጋና አጋም በብዛት ይተከል። እሾሁ ጠባቂ ይሆናል፤ ፍሬውን ደግሞ እረኞቹ ይበሉታል። እሾህ ለመትከል የሚከራከር እረኛ የለም፤ ፍሬ ካለው።

ስለ ዛፉ ዓይነት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የየአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ምን እንደሚበቅል ይናገራል። ከላይ አፋፉ ላይ ኮሶ፣ ጽድና ወይራ፤ ወደ ታች ሲወረድ ብሳና፣ ዋንዛ፣ ክትክታ፣ ወደ ቆላው ደግሞ ግራር። ለመኖ የሚሆን ትሪ ሉሰርን በደጋው ላይ በመንገዱ ዳር ቢተከል አጭዶ ለመውሰድ ይመቻል። ባሕር ዛፍን በተመለከተ ባለሙያዎች ሲወቅሱት፣ አርሶ አደሮች ሲተክሉት እንደኖሩ ይታወቃል። ባሕር ዛፍ የአርሶ አደሩ ባንክ ነው፤ ባንኩን ዝጋ ብሎ ማዘዝ አያዋጣም። ከመንገዱ ጠርዝና ከምንጭ ይራቅ እንጂ ሌላው የባለ ይዞታው ጉዳይ ነው። ሌላው ነገር ቁጥር ነው። በሪፖርት የሚነገረው የተተከለው ችግኝ ነው፤ ከሁለት ክረምት በኋላ የቆመው ስንት እንደሆነ የሚጠየቅበት ስብሰባ ጥቂት ነው። የመንገድ ዳር ችግኝ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ መሞቱን መደበቅ አይቻልም። ገበያተኛው ሁሉ ያየዋል።

ደንቡስ ከየት ይምጣ? ከውጭ መቅዳት አያስፈልግም። መንዝ ውስጥ የጓሳ ምድር በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በተወሰነ ቀን ይከፈታል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚያጭድ ይታወቃል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ቢያናጋውም፣ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ይዞት ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ከሣር አጫጆች ጋር በአንድ ምድር ይኖራሉ። የሠረገላው መንገድ ደንብ ከዚህ የበለጠ መወሳሰብ የለበትም። የሚያልፍ ከብት በገመድ ወይም በጭነት ያልፋል፤ ለግጦሽ አይለቀቅም። ሣር በተወሰነ ቀን ይታጨዳል። የደረቀ እንጨት ይለቀማል፤ የቆመ አይቆረጥም። ቀፎ ለሚያቆም ወጣት ቦታ ይለይለታል። በደላንታ ኦፓል ፍለጋ ገደል ላይ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ወጣቶች ከመንገዱ በላይና በታች እንዳይቆፍሩ ከእነርሱው ጋር ተነጋግሮ ወሰን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ናዳው መንገዱንም ሰዎቹንም ይበላል። እነዚህን ወጣቶች ከመንገዱ ጠባቂዎች መሐል ማስገባት ከማባረር ይሻላል።

መንገዱ ሦስት ዞኖችን ያቋርጣል፤ ደቡብ ጎንደርን፣ ሰሜን ወሎንና ደቡብ ወሎን። ይህ ራሱ ችግር ነው። የሦስት ዞን ጉዳይ ሲሆን ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ሰነድ ያዘጋጃል፤ ሰነዱ በዐውደ ጥናት ይዳብራል፤ በመጨረሻም ደብረ ታቦር መግቢያ ላይ ትልቅ ቦርድ ይተከላል። ቦርድ ጎርፍ አይመልስም። ጠቅላላውን መስመር በአንድ ጊዜ ለመያዝ ከመሞከር አንድ አፋፍ ላይ መጀመር ይሻላል፤ የተሻለው ደግሞ ከቤተ ሆር ወደ ጅጣ የሚወርደውና ማዶ ወደ ደላንታ የሚወጣው ነው። ጉዳዩ በሁለት ወረዳዎች መሐል ያለ ነው፤ ሁለቱ የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች በስልክ ሊጨርሱት ይችላሉ። ወንዙ ላይ ሁለቱም ወገን ስለሚገናኝ አንዱ ሠርቶ ሌላው ቢተወው ወዲያው ይታወቃል፤ ይህም ጥሩ ነው። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ድርሻ አለው፤ ዱካው ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብና ጠጋኞቹ የትኛውን ድንጋይ መንካት እንደሌለባቸው እንዲያውቁ ማድረግ ነው። አካፋውና ችግኙ ግን ከግብርና ይውጣ።

በጋይንትና በጉና በኩል ያሉ ወረዳዎች ደግሞ ተራቸው እስኪደርስ እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ የለባቸውም። የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ የሆነው የጉና ተራራ በዚያ በኩል ነው። በዚያ አካባቢ የዱካው ቁራጭ የሚገኝበት ወል መሬት ካለ በዘንድሮው የወል መሬት ልየታና ምዝገባ ላይ «መንገድ» ተብሎ በካርታው ይግባ። አንድ መስመር በካርታ ላይ ማስመር ገንዘብ አይጠይቅም። ሳይመዘገብ የቀረ ወል መሬት ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ የማን እንደሚሆን የቀበሌ መሬት አስተዳደር ኮሚቴዎች ከማንም በላይ ያውቁታል።

የጥር ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት ሊሠራ የሚችል አንድ ሥራ አለ። ከቤተ ሆር በኩል ሦስት አዛውንቶች፣ ከደላንታ በኩል ሦስት አዛውንቶች፣ ከሁለቱም ወረዳ አንድ አንድ የመሬት አስተዳደርና የተፋሰስ ባለሙያ ይመረጡ። የውሃ ልክ፣ ገመድና ካስማ ይያዙ፤ አንድ የተጫነች አህያም አብራ ትሂድ። ጠዋት ከላይ ተነስተው ዱካውን ይዘው ይውረዱ። መስመሩ የጠፋበትን፣ የታረሰበትን፣ ቦረቦር የቆረጠበትን እየቆሙ በካስማ ምልክት ያድርጉ፤ ተዳፋቱንም ይለኩ። አህያዋ ሳትነዳ የሄደችበትና ቆማ አልሄድም ያለችበት ቦታ በማስታወሻው ላይ ለብቻው ይጻፍ።